ማንም ያልሰፈረበት ድንጋይ

ምዕራፍ ሰባት

እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ በእንግሊዟ ኒውኪ ከተማ የሚገኘው የብሉ ሪፍ አኳሪየም ሠራተኞች ግራ ተጋብተው ነበር። ከባሕር ታንኮቻቸው በአንዱ ኮራሎቹ እየተገመሱ ያድራሉ፤ ዓሣም ቆስሎ ይገኛል። ወጥመድ ቢያጠምዱም የሚያዝ ነገር ጠፋ። በመጨረሻ ድንጋዩን አንድ በአንድ እያነሱ ታንኩን ሲበትኑት ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ጠንካራ መንጋጋ ያለው የባሕር ትል ከመሃል ወጣ። ባሪ የሚል ስም አወጡለት። ገና ትንሽ ሳለ ከሌላ ቦታ በመጣ ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ተደብቆ እንደገባና ማንም ሳያየው እንዳደገ ገመቱ።

የባሪ መንገድ የታወቀ መንገድ ነው። ከባሕር ወጥቶ ሳይደርቅ የሚሸጠው «ሕያው ድንጋይ» ከጠቃሚው ጋር ጎጂውን ይዞ ይገባል። ሸርጣኑ፣ ዓሣ የሚመታው ሽሪምፕ፣ አንዴ ከተተከለ የማይነቀለው ትንሹ አኒሞን ሁሉ ይህንኑ በር ያውቁታል። ስለዚህ ብዙ የጨው ውኃ አኳሪየም ባለቤቶች ታንካቸው ላይ ድንጋይ መጨመር ሲያምራቸው ዛሬ የሚገዙት ደረቁን ነው። ድንጋዩ በካርቶን ታሽጎ ይመጣል። ነጭ ነው፣ አይሸትም፣ ሲነኩት ጣት ላይ ዱቄት ይተዋል። የሚኖርበት ነገር የለም።

ጥያቄው የሚነሳው ከዚሁ ባዶነቱ ነው። ሁለት ዓመት የሞላው፣ ዓሣው የለመደ፣ ኮራሉ የተከፈተ ታንክ ውስጥ እንዲህ ያለ ድንጋይ ሲገባ ምን ይከተላል? ምዕራፍ ሦስት ላይ የተተረከው የአዲስ ታንክ መከራ፣ አሞኒያው ሽቅብ ወጥቶ እስኪወርድ ዓሣ የማይገባበት ያ ጊዜ፣ እንደገና «ሀ» ብሎ ይጀምራል? ሻጩ «ችግር የለውም፣ አጥበህ አስገባ» ይላል። ታንክ ያሳደገ ጓደኛ ደግሞ «ተው፣ ዓሣህን ትፈጃለህ» ይላል። ሁለቱም እንዲያው አልተናገሩም፤ አንዱም ግን ነገሩን አልጨረሰውም።

ከባሕር የራቀ ኮራል

ደረቅ ድንጋይ ከመንገድ ዳር የሚለቀም ድንጋይ አይደለም። አብዛኛው የጥንት ኮራል አጽም ነው፤ ማዕድኑም ኖራ የሚቃጠልበት ያው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በደቡብ ፍሎሪዳ ዊንድሊ ኪ በምትባል ደሴት ላይ አንድ የቀድሞ የድንጋይ ካባ አለ፤ ዛሬ የግዛቲቱ ፓርክ ሆኗል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለሄንሪ ፍላግለር የባቡር ሐዲድ ድንጋይ የሚፈለጥበት ቦታ ነበር። ጎብኚ በተቆረጠው ግድግዳ አጠገብ ሲቆም የኮራሎቹ ቅርጽ ከነመስመሩ ይታየዋል። ኪ ላርጎ የሚባለው ይህ ድንጋይ የዛሬ 125,000 ዓመት ገደማ፣ የባሕሩ ከፍታ ከአሁኑ በብዙ ሜትር በሚበልጥበት ዘመን፣ በሕይወት ያለ ሪፍ ነበር።

የዚያ ዘመን ኮራል ኢትዮጵያም ውስጥ አለ። ቀይ ባሕር ወደ ደናክል ረባዳ ዘልቆ በነበረበት ጊዜ ያደጉ ሪፎች ውኃው ከሸሸ በኋላ በአፋር በረሃ ደርቀው ቀርተዋል። ጨው በግመል የሚጫንበት ምድር ዳርቻ ላይ የኮራል ቁራጭና የባሕር ዛጎል ማየት ለእንግዳ የሚገርመው ለዚህ ነው። ምጽዋን የሚያውቁ ደግሞ ይህን ድንጋይ በቤት ግድግዳ መልክ አይተውታል፤ የወደቡ አሮጌ ቤቶች ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተገነቡ ናቸው። ልስኑ በረገፈበት በኩል ጠጋ ብሎ ላየው ድንጋዩ እንደተበሳሳ ነው።

ለአኳሪየም ቁም ነገሩ ያ ብስ ነው። የቡጢ መጠን ያለው የተበሳሳ ድንጋይ ከውጭ ከሚታየው ገጹ እጅግ የሚበልጥ ገጽ በውስጡ ደብቋል። የላይኛው ገጽ ኦክስጅን ያገኛል፤ ጠለቅ ያለው ቀዳዳ ግን ኦክስጅኑ ወደ ውስጥ ሳይደርስ ስለሚያልቅ ሌላ ዓይነት ነዋሪ ይቀበላል። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ ይፈለጋል።

ድንጋይ የታንክ ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ ለአኳሪየም አድናቂዎች በግልጽ ያሳየው የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 «ትሮፒካል ፊሽ ሆቢስት» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ታንኩን የሚያጸዳው ከባሕር ያመጣው ድንጋይ ከነነዋሪዎቹ እንደሆነ ጻፈ። የጨመረለት ነገር ቢኖር የአየር አረፋ ነው። በዚያ ጊዜ ብዙ ሰው ኮራሉን አጥቦ፣ አንጽቶና አድርቆ እንደ ጌጥ ያስቀምጥ ነበር። ቆይቶ በ1970ዎቹ የበርሊን አድናቂዎች ሕያው ድንጋይን ቆሻሻ በአረፋ ከሚያወጣው ስኪመር ጋር አጣምረው እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ዘዴ አቆሙ።

ዘዴው ሲስፋፋ ባሕሩ ተራቆተ። በፍሎሪዳ ዙሪያ ከተፈጥሮ ሪፍ ሕያው ድንጋይ መልቀም በ1990ዎቹ ቀርቷል። ፊጂም በ2017 መጨረሻ ወደ ውጭ መላኩን አገደች። የፍሎሪዳ አምራቾች ያገኙት መላ ብልኅነት አለበት፦ ከየብስ የተፈለጠ ደረቅ ድንጋይ በጀልባ ጭነው፣ በሊዝ በያዙት የባሕር ወለል ላይ ይጥሉታል፤ ባሕሩ ሲሰፍርበት ጠልቀው ያወጡታል። ሕጉም የሚጣለው ድንጋይ ከአካባቢው ድንጋይ በዓይነቱ ተለይቶ የሚታወቅ እንዲሆን ያስገድዳል፤ አለዚያ ሌባና ገበሬ አይለይም።

እነሱ በባሕር የሚያደርጉትን የታንክ ባለቤቱ በሳሎኑ ያደርገዋል። ልዩነቱ ባሕሩ ሰፊ መሆኑ፣ ታንኩ ደግሞ ዓሣ ያለበት 300 ሊትር መሆኑ ነው።

እርሾው

ጤፍ የምታቦካ ሴት ዱቄቱን ለውኃ ብቻ አትተወውም። ከቀድሞው ሊጥ ላይ ከጠለለው ቢጫ ውኃ ታስቀርና ታፈስበታለች። ያለ እርሾም ሊጡ መቡካቱ አይቀርም፤ ግን ይዘገያል፣ ማን ቀድሞ እንደሚገባበትም አይታወቅም፤ አንዳንዴ ሽታው ይበላሽና ይደፋል። እርሾ ሲገባበት ግን ለሥራው የተመረጡት ጥቃቅን ነዋሪዎች በብዛት ስለሚገቡ ሌላው ቦታ ያጣል። ለዚህም ነው ቡሃቃው ተፈግፍጎ የማይታጠበው።

አዲስ ታንክ ያለ እርሾ የተቦካ ሊጥ ነው። የቆየ ታንክ ግን ራሱ እርሾ ነው።

በእርሾው ውስጥ ያሉት እነማን ናቸው? ዓሣ የበላውን ፕሮቲን ፈጭቶ ትርፉን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ይጥለዋል። አሞኒያ መርዝ ነው፤ የባሕር ውኃ ፒኤች ከ8 በላይ ስለሆነ ደግሞ ከወንዝ ውኃ ይልቅ እዚህ ይከፋል። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ናይትራይቱን እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እነዚህን ባክቴሪያዎች በ1890 ገደማ ለይቶ ካወጣ ወዲህ ለመቶ ዓመት ያህል የመማሪያ መጻሕፍት ያንኑ ሁለት ስም ሲደጋግሙ ኖሩ፦ ናይትሮሶሞናስ እና ናይትሮባክተር።

ታሪኩን ያወሳሰበው አኳሪየም ነው። በ1990ዎቹ ቲሞቲ ሆቫኔክና ባልደረቦቹ የታንክ ማጣሪያዎችን በዘር ቅንጣት ምርመራ ሲፈትሹ ናይትሮባክተር የተጠበቀበት ቦታ ላይ የለም፤ በጣፋጭ ውኃ ታንኮች ሥራውን ይዞ የተገኘው ናይትሮስፓይራ ነበር። ከዚያ በ2005 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሲያትል አኳሪየም የሐሩር ባሕር ታንክ ከወሰዱት ናሙና አንድ ፍጡር አሳደጉ። ናይትሮሶፑሚለስ ማሪቲመስ ይባላል። ርዝመቱ ከአንድ ሺሕኛ ሚሊሜትር ያንሳል። ባክቴሪያም አይደለም፤ አርኪያ ከሚባለው ሌላ የጥቃቅን ሕያዋን ዘር ነው። አሞኒያ በልቶ ይኖራል። ዘመዶቹ በዓለም ውቅያኖሶች ውስጥ እጅግ ከበዙት ፍጥረታት መካከል ናቸው። ባሕሩን የሞላ ፍጡር መጀመሪያ ተለይቶ ያደገው ልጆች አፍንጫቸውን ከሚለጥፉበት መስታወት ጀርባ ካለ ታንክ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ደረቁ ድንጋይ የቆየው ታንክ ውስጥ ሲገባ እርሾው ወዲያው ያገኘዋል። በመጀመሪያ ከየቀዳዳው አየር እየወጣ ለሰዓታት ይንተከተካል። በዚያው ቀን በውኃው የሚንሳፈፉ ባክቴሪያዎች ገጹ ላይ መለጠፍ ይጀምራሉ። ቀጥሎ ሙጫ የመሰለ ስስ ሽፋን ይሠራሉ። ሽፋኑ በዓይን አይታይም፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ድንጋዩ ሲዳሰስ ግን መሙለጭለጩ ይነግራል። ከጎን ካለው አሮጌ ድንጋይ ጥቃቅን ትሎችና ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱ ሸርጣን ቀመስ ፍጥረታት እየተሳቡ ይሻገራሉ። ለዚህም ነው አዲሱን ከአሮጌው አስነክቶ ማስቀመጥ የሚጠቅመው።

በጠርሙስ ታሽጎ የሚሸጠው ባክቴሪያ ለአዲስ ታንክ ቁም ነገር አለው። በቆየ ታንክ ላይ ድንጋይ ለመጨመር ሲባል ጠርሙስ መግዛት ግን እርሾ ሞልቶ በተረፈበት ቤት እርሾ መዋስ ነው።

ምሳሌው የሚሰበርበት ቦታ

እርሾው እስከዚህ ድረስ ያስኬዳል። ከዚህ በኋላ ግን ሊጡና ድንጋዩ ይለያያሉ፤ የምዕራፉ ዋና ሐሳብም ያለው መለያያቸው ላይ ነው።

የጤፍ ዱቄት ለእርሾው ቤትም ምግብም ነው። ገብቶበት ይበላል፣ ይበዛል፣ በሁለት በሦስት ቀን ቡሃቃውን ይሞላዋል። ንጹሕ ድንጋይ ግን ቤት ብቻ ነው። የሚበላ ነገር የለበትም። አሞኒያ የሚያመርተው ዓሣውና ለዓሣው የሚሰጠው መኖ ነው። ድንጋዩ ከመግባቱ በፊትም ከገባ በኋላም መኖው ያው ከሆነ የአሞኒያው መጠን ያው ነው፤ በእሱ የሚኖሩት ጥቃቅን ሕያዋን ጠቅላላ ብዛትም ያው ሆኖ ይቆያል። ከአሮጌው ድንጋይ ጥቂቱ ወደ አዲሱ ይዛወራል እንጂ አዲስ ሕዝብ አይፈጠርም።

ከዚህ የሚከተለውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ንጹሕ ድንጋይ መጨመር አሞኒያ አያመጣም፤ ምክንያቱም አዲስ ምግብ አላመጣም። እስከዚህ ሻጩ ልክ ነው። በሌላ በኩል ድንጋዩ ስለተጨመረ ብቻ ታንኩ በማግስቱ ተጨማሪ ዓሣ የመሸከም አቅም አያገኝም። «ድንጋይ ጨምሬያለሁና አሁን ሦስት ዓሣ ልግዛ» የሚል ባለቤት ቤት መሥራትንና ሰው መቀለብን አንድ አድርጎ ቆጥሯል። አቅሙ የሚያድገው ዓሣው ቀስ በቀስ ሲጨመርና ባክቴሪያው ምግቡን ተከትሎ ሲበዛ ነው። ይህም ጊዜ ይወስዳል። እንደ ኢ. ኮላይ ያለ ባክቴሪያ ተመችቶት ከሆነ በ20 ደቂቃ ራሱን ሲያባዛ፣ አሞኒያ በሎቹ ግን ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈልጋሉ።

አደጋው ያለው በሌላ አቅጣጫ ነው፦ አሮጌውን በማውጣት። አንዳንድ ሰው አዲሱን የሚገዛው አሮጌው ስላስጠላው ነው፤ አልጌ ውጦታል፣ ወይም ያ የማይነቀል አኒሞን ሞልቶታል። በአንድ ቅዳሜ ግማሹን አሮጌ አውጥቶ ግማሹን አዲስ ያስገባል። ለዓይን ታንኩ አልጎደለም። አሞኒያውን ከሚበሉት ግን ምናልባት ግማሹ ከድንጋዩ ጋር ባልዲ ውስጥ ወጥቷል፤ ዓሣው ደግሞ የትናንቱን ያህል ይበላል። አሸዋውና የቀረው ድንጋይ ክፍተቱን የሚሸፍኑበት ጊዜ አለ፤ የማይሸፍኑበትም አለ። «ዓሣህን ትፈጃለህ» ያለው ጓደኛ ያየው ይህንን ሳይሆን አይቀርም።

መፍትሔው ትዕግሥት የሚጠይቅ እንጂ ከባድ አይደለም። አዲሱ መጀመሪያ ከአሮጌው ጎን ይገባል፤ ሁለቱ አንድ ሁለት ወር አብረው ይቆያሉ። ከዚያ አሮጌው በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ አንድ ሁለት ቁራጭ እያለ ይወጣል። በየመካከሉ አሞኒያ ይለካል፤ መኖውም ትንሽ ቀነስ ይላል።

የድንጋዩ ጥልቅ ቀዳዳ ጉዳይ ለብቻው ነው። ኦክስጅን በሌለበት እዚያ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር የሚሸኙ ባክቴሪያዎች ይሰፍራሉ። እነዚህ የሚደላደሉት ከሁሉም ዘግይተው ነው፤ ወራት ይፈጅባቸዋል። ተጨማሪ ድንጋይ ለታንክ ያለው እውነተኛ ጥቅም ግን እዚህ ላይ ነው። ናይትሬቱ አልወርድ ላለው ታንክ ጥሩ ብስ ያለው ድንጋይ ከውኃ ቅያሪ ጋር ተዳምሮ ያግዛል።

የሚይዝና የሚለቅ ድንጋይ

እስካሁን «ንጹሕ ድንጋይ» ሲባል ቆይቷል። ሁሉም ደረቅ ድንጋይ ንጹሕ አይደለም። ከካባ የተፈለጠው የሺሕ ዘመናት ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ደኅና ነው። ከባሕር ወጥቶ ፀሐይ ላይ የደረቀው፣ ወይም ከፈረሰ ታንክ የተገዛው ግን በየቀዳዳው የሞተ ስፖንጅ፣ ትልና አልጌ ደርቆበታል። ውኃ ሲያገኝ ይበሰብሳል። ያኔ ድንጋዩ ምግብ ይዞ መጣ ማለት ነው፤ አሞኒያውም ይከተላል። አፍንጫ እዚህ ጋ ጥሩ መሣሪያ ነው፦ አንድ ቁራጭ በባልዲ የጨው ውኃ ውስጥ ሦስት ቀን አድሮ የበሰበሰ ዕንቁላል ወይም የወደብ ሽታ ከሸተተ ታንክ ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛው ጣጣ ፎስፌት ነው፤ ይህ ደግሞ አይሸትም። ካልሲየም ካርቦኔት ፎስፌትን ገጹ ላይ የመያዝ ጠባይ አለው። የማያሚ ዩኒቨርሲቲው ፍራንክ ሚሌሮና ባልደረቦቹ በ2001 ባሳተሙት ሥራ በባሕር ውኃ ውስጥ ማዕድኑ ፎስፌትን እንዴት እንደሚይዝና መልሶ እንደሚለቅ ለክተዋል። ውኃው ውስጥ ፎስፌት ሲበዛ ድንጋዩ ይይዛል፤ ውኃው ሲጠራ ድንጋዩ ይለቃል። ከአሮጌ ታንክ የመጣ ድንጋይ ለወራት ሲለቅ ሊኖር ይችላል። ባለቤቱ ውኃ ይቀይራል፣ ቁጥሩ ይወርዳል፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይወጣል። አልጌው ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ያውቃል።

ተቃራኒው ግን ብዙም አይነገርም። ፎስፌት የሌለበት ንጹሕ ድንጋይ በብዛት ሲገባ ከታንኩ ውኃ ፎስፌት ይስባል። ፎስፌቱ በሊትር 0.05 ሚሊግራም ገደማ የነበረ ታንክ ዜሮ ሊያሳይ ይችላል። ይህ በሽታ የሌለበት ንጽሕና ይመስላል፤ ለኮራል ግን ረኃብ ነው፤ ቀለሙ ይገረጣል። ቁጥሩ ስለወረደ ደስ ያለው ባለቤት ፎስፌት ማስወገጃ ሲጨምርበት ደግሞ በገዛ እጁ ያባብሰዋል።

ስለዚህ ጥርጣሬ ያለበት ድንጋይ መጀመሪያ በርሜል ውስጥ ይቆያል። የምግብ ዕቃ የሆነ ንጹሕ የፕላስቲክ በርሜል፣ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ያለው ውኃ፣ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ የሚያቆይ ማሞቂያና ውኃውን የሚያገላብጥ ፓምፕ ይበቃሉ። ብርሃን አያስፈልግም፤ ጨለማው አልጌን ያርቃል። ከቆየው ታንክ የተቀዳ ውኃና አንድ ቁራጭ አሮጌ ድንጋይ ከተጨመረበት እርሾው ከወዲሁ ገባ። አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ እስኪሆኑ፣ ፎስፌቱም ውኃ ተቀይሮ በሳምንቱ ሲለካ ሽቅብ መውጣቱን እስኪተው ይጠበቃል። አንዳንዱ በአራት ሳምንት ይጨርሳል፣ አንዳንዱ ሦስት ወር ይጠይቃል።

ፎስፌቱ እምቢ ካለ ላንታነም ክሎራይድ የሚባለው የመዋኛ ገንዳ ኬሚካል ይረዳል። ከፎስፌት ጋር ተጣብቆ ደቃቅ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። ሥራው እዚያው በርሜሉ ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ዝቃጩ የዓሣን ስንጥብ ይጎዳል። ሌሎች ድንጋዩን በቀጭኑ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያጥባሉ። አሲዱ እየፈላ የውጭውን ሽፋን ከነቆሻሻው ያሟሟዋል። ይህን የሚያደርግ ሰው ደጅ ላይ፣ በጓንትና በመነጽር ይሥራ፤ አሲዱን ወደ ውኃ እንጂ ውኃውን ወደ አሲድ አያፍስስ። ከሁሉ በላይ በረኪና የነካውን ድንጋይ በደንብ ሳያጥብ አሲድ አያስነካው፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሰው ይገድላል።

ቡናማው ወር

ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎም አዲሱ ድንጋይ ለጥቂት ጊዜ ማስቀየሙ አይቀርም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ነጩ ገጽ ላይ የቡና ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ዲያቶም ናቸው፤ ከሲሊካ የተሠራ ሽፋን ያላቸው ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች። አሮጌው ድንጋይ ላይ አይታዩም፤ ቦታው ተይዟልና። እርሾው አሞኒያ የሚበሉትን ቶሎ ያመጣል፤ ብርሃን የሚያርፍበትን ገጽ የሚይዙት ግን ሌሎች ናቸው፤ እነሱ መካከል እሽቅድምድሙ ክፍት ነው። መጀመሪያ ፈጣኖቹ ይደርሳሉ፦ ዲያቶም፣ ቀጥሎ ጨርቅ የመሰለው ቀይ ሳያኖባክቴሪያ፣ ከዚያ ፀጉር አልጌ። ዘግይቶ የሚደርሰው ሐምራዊው የኖራ አልጌ ነው፤ ድንጋይ ላይ እንደ ቀለም ተለጥፎ ያድጋል፣ አንዴ ከያዘ ግን ለፀጉር አልጌ ቦታ አያስቀርም።

ዲያቶሙ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ለፀጉር አልጌው ቀንድ አውጣና አልጌ በል ዓሣ አሉለት። መጠንቀቅ የሚያሻው ሌላ ቡናማ ነገር ነው፦ ንፍጥ የመሰለ፣ ክር የሚያወጣ፣ በጫፉ አረፋ የሚይዝ። ዳይኖፍላጀሌት ሲሆን አንዳንዱ ዘሩ መርዝ አለው፤ የበላው ቀንድ አውጣ ይሞታል። ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ በሆኑበት ታንክ ውስጥ ተፎካካሪዎቹ ሲራቡ እሱ ይነግሣል። ደረቁ ድንጋይ ፎስፌቱን ጠጥቶ ዜሮ ካደረገው፣ ገጹም ገና ባዶ ከሆነ፣ ሁለት በሮች በአንድ ጊዜ ተከፈቱለት። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ቁጥሩ ዜሮ እንዳይነካ ዓሣውን ትንሽ አብዝቶ መመገብ ከልክ ካለፈ ጽዳት ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። ቡናማውን ሲያይ ድንጋዩን አውጥቶ በብሩሽ ይፈገፍገዋል፣ አድርቆም ይመልሰዋል። እንዲህ ሲያደርግ ድንጋዩን እንደገና ባዶ አደረገው፤ እሽቅድምድሙም ከመነሻው ተጀመረ።

ሲቀመጥ

ስለ አቀማመጥ የሚባለው ጥቂት ነው፤ ችላ ሲባል ግን መስታወት ያሰብራል። ድንጋዩ ከመግባቱ በፊት ዱቄቱ እስኪለቅ ይታጠባል። አሥር ኪሎ ድንጋይ ቢያንስ ሦስት ሊትር ተኩል ገደማ ውኃ ስለሚገፋ ያንን ያህል አስቀድሞ መቅዳት ወለሉን ከመወልወል ያድናል። ድንጋዩ አሸዋው ላይ አይቀመጥም። ጎቢ የሚባለው ቆፋሪ ዓሣ ከሥሩ ሲምስ ክምሩ ይናዳል፤ ስለዚህ አሸዋው ተገልጦ ድንጋዩ ወለሉ ላይ ያርፋል። የቆየ አሸዋ ሲገለጥ ደግሞ ጥቁር ሆኖ የበሰበሰ ዕንቁላል ከሸተተ በዚያ በኩል መቆፈሩ ይቁም፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ ለዓሣም መርዝ ነው።

ለ300 ሊትር ታንክ አሥር ኪሎ በአንድ ቀን ከማስገባት በየሁለት ሳምንቱ ሦስት ሦስት ኪሎ ማስገባት ይመረጣል። አሞኒያን ከመፍራት የተነሳ አይደለም፤ ፎስፌቱ ወደየት እንደሚሄድ ለማየት ነው። መጀመሪያ ሳምንት ላይ አሞኒያ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለካል፤ ዜሮ ከሆነ ይተዋል። ፎስፌት ግን ለሦስት ወር በየሳምንቱ ይለካና ይመዘገባል። እየወረደ የሚሄድ ከሆነ መኖው ይጨመራል፤ እየወጣ የሚሄድ ከሆነ ቀጣዩ ሦስት ኪሎ ወደ ታንኩ ሳይሆን ወደ በርሜሉ ይሄዳል።